በኅብረት ስለሚደረስ ተረትና ከእርሱ ስለሚነሣ ጠብ

ሰው ብቻውን ሲናገር ከማንም ጋራ አይጣላም። ሁለት ሆኖ በተናገረ ጊዜ ግን አንዱ የሠራውን ቃል ሌላው ሊያፈርስበት ይችላልና፥ ጨዋታም ጠብም ከአንድ ስፍራ ይወለዳሉ። ይህ ነገር በአደባባይና በሸንጎ ብቻ የሚታይ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ክረምት በገዛ ቤታችን፥ በአንድ የትምህርት ደብተር ምክንያት የደረሰው ነገር አሳባችንን ለወጠው። ልጆች ያሉአቸው አንባቢዎቻችን ይጠቀሙበት ይሆናል ብለን፥ የራሳችንንም ጥፋት ሳንደብቅ እንደሚከተለው እንጽፈዋለን።

መኖሪያችን ቆቦ ነው፤ ሥራችንም በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነው። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ፊደልና ዳዊት፥ ቀጥሎም በዋድላ ቅኔ ተምረናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጠን የፈረንጅን ቋንቋና መጽሐፍ ቀምሰናል። ስለዚህ ቃል የሚባለውን ነገር በሦስት ቤት አይተነዋል ለማለት እንደፍራለን። ይሁን እንጂ ከሦስቱ አንዱም አራት ልጆችን ለማስታረቅ አላበቃንም ነበር።

ቆቦን የሚያውቅ ሰው ክረምቱን ያውቃል። ከተማው ከወልድያ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በሰፊው የራያ ሜዳ የተቀመጠ ሲሆን፥ በምዕራብ ደጋው፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታዩታል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ በደጋው ይወርድና፥ በእኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሆርማትና ጎሊና በድንገት በጎርፍ ይሞላሉ። ገበሬውም ያንን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣበታል። የላይኛው ሰው ውኃውን ሁሉ ቢወስድ የታችኛው ይደርቃል፤ የታችኛውም ተቈጥቶ የላይኛውን ቦይ ቢያፈርስ ሁለቱም ያጣሉ። ስለዚህ በመካከላቸው ተራ አለ፤ ተራውን የሚያስጠብቅ ሽማግሌም አለ። ልጆቻችን ይህን እያዩ አድገዋል፤ ጨዋታቸውም ከዚህ የተቀዳ ነበር።

መብራት በጠፋበት በአንድ ምሽት አራት ልጆች በኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ተረት በጋራ ሊጽፉ ተስማሙ። ሥርዓቱን ያወጡት እነርሱው ናቸው። እያንዳንዱ በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ይይዛል፤ በየምሽቱም በተራ አንድ ገጽ ይጽፋል፤ ሌላው ከጻፈበት ላይ ይቀጥላል እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰርዝም። የ13 ዓመቱ ወንድ ልጃችን የጎበዝ አለቃ ሆነ። የ12 ዓመቷ ሴት ልጃችን መድኃኒት የምታውቅ ባልቴት ሆነች። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ የውኃ አባት ሆኖ ቦዩን ያከፋፍል ጀመር። አራተኛው የ10 ዓመቱ የእኅታችን ልጅ ነው፤ እርሱም እናቱም በእኛ ግቢ ይኖራሉ፤ የዚህንም ምክንያት ወደ ፊት እንናገራለን። ይህ ልጅ 7 ግመሎች ያሉት ነጋዴ ሆነ። ነጋዴው ዞብልን ተሻግሮ ወደ አፋር ቆላ ወርዶ፥ ጨው ጭኖ በመመለስ ላይ ያለ ሰው ነበር።

እኛና ባለቤታችን በዚህ ነገር እጅግ ተደሰትን። ልጆች በዋዛ ፈንታ ብዕር መያዛቸው፥ አንዱም ሌላውን አድምጦ መቀጠሉ መልካም ትምህርት መስሎ ታየን። አንዳንድ ምሽትም እያስነበብን እንስቅ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል በሰላም ከሄደ በኋላ ተረቱ እንደ ጎርፍ ውኃ ማጣላት ጀመረ። ወንድ ልጃችን ጦርነት ይወዳል፤ በየገጹም ሽፍታ እያስነሣ ያባርራል። የእኅታችን ልጅ ግን ነጋዴውን ቀስ አድርጎ ያስኬደዋል። ግመሎቹን ይቈጥራል፥ የሰፈሩበትን ይጽፋል፥ የሚያርፉበትን ዛፍ ይናገራል፤ ነጋዴው ይመጣል ይመጣል እየተባለ አይደርስም። ሌሎቹ ሰለቹ። አንድ ቀን የእኅታችን ልጅ ከእናቱ ጋራ ወደ ጎብዬ ገበያ ሄዶ ሳለ ተራው አለፈው፤ ወንድ ልጃችንም በእርሱ ገጽ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ነጋዴው ጎሊናን ሲሻገር ደራሽ ጎርፍ መጥቶ ከ7ቱ ግመሎች ጋራ ወሰደው። ሞተ።»

ልጁ በማግስቱ ይህን ባነበበ ጊዜ አላለቀሰም። ደብተሩን በቀስታ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሲመለስ ግን ዱላ ይዞ መጥቶ የአጎቱን ልጅ ግንባሩን ፈነከተው። ሴት ልጃችን ለወንድሟ አደላች። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ሲጻፍ አይቶ ዝም ብሎአል ተብሎ ተወቀሰና ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ቀን የሁለቱ ቤት ሴቶች ቡና መጠራራት አቆሙ። ጠቡም ከልጆች ወደ ታላላቆች የተላለፈው በአንድ ቀን ውስጥ ነው።

እኛም ከሥራ ስንመለስ ይህን ሰምተን፥ ነገሩን በሥርዓት እናያለን አልን። በበረንዳችን ላይ ወንበር አስወጥተን ልጆቹን አቆምን። ማን አስቀድሞ እጁን አነሣ ብለን ጠየቅን፤ ምስክር ሰማን፤ ደብተሩን እንደ ማስረጃ ተመለከትን። ከዚያም በኋላ እንዲህ ብለን ፈረድን፤ ቃል ሰውን አያደማም፥ ዱላ ግን ያደማል፤ ስለዚህ የእኅታችን ልጅ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ጠቡን ያመጣውም ገጽ ይቀደድ፤ ደብተሩም በሣጥን ይቈለፍበት። ገጹንም በገዛ እጃችን ቀደን ከምድጃ ጣልነው።

ፍርዳችን የቀና መስሎን ነበር። ነገር ግን ወንድ ልጃችን ጽሕፈቱ ስለ ተቀደደበት አኰረፈ፤ የእኅታችንም ልጅ ተገዶ ይቅርታ ስለ ጠየቀ እህል አልቀምስ አለ። እኅታችንም በማታ መጥታ «ወንድም ጋሼ፥ ልጄ በሰው ቤት ያደገ ስለ ሆነ ተረቱ እንኳ ተወሰደበት» አለችን፤ በማግስቱም ልጇን ይዛ በከተማው ውስጥ ወዳለች ዘመዳችን ቤት ሄደች። ከዚያ በፊት በእኛና በእርስዋ መካከል ክፉ ቃል አልፎ አያውቅም ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ግቢያችን ለቅሶ የተቀመጥንበት መሰለ።

በዐሥረኛው ቀን የውኃ አባት የሆነው ልጅ አያት ወደ እኛ መጡ። እኒህ ሰው በዕድሜ የገፉ፥ በአገራችን በዘወልድ ሽምግልና ብዙ ጊዜ የተቀመጡ ናቸው። ዘወልድ ማለት በራያ ቆቦ ከጥንት ጀምሮ ያለ የሽማግሎች የእርቅ ሥርዓት ነው። ሰው በተገደለ ጊዜ ደም በዘመድ ላይ እንዳይዞር ሽማግሎች በመካከል ይገባሉ፤ ሁለቱን ወገኖች ያነጋግራሉ፥ ካሣ ያስከፍላሉ፥ በመሐላም አስታርቀው ደም ያደርቃሉ። በዚህም ሥርዓት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ይቀመጣል። እኒህ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር የለመዱ ሲሆኑ ስለ ልጆች ደብተር መምጣታቸው አሳፈረን።

«አባባ፥ አንቱን በዚህ ነገር ማድከም አይገባም ነበር» አልናቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ጠብ ትንሽ ሳለ ነው የሚታረቅ። ባይሆን እናንተ ትጽፉታላችሁ፥ እኛም ደሙን እናደርቃለን» ብለው ሣቁ። እኅታችንና ልጇም እንዲጠሩ አዘዙ፤ ባለቤታችንም ቡና አፈላች። ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አላስቀመጡአቸውም፤ አንዱን በቀኛቸው አንዱን በግራቸው አድርገው፥ ሁለቱም ወደ ደጅ እንዲያዩ አስቀመጡአቸው። ማን መታ፥ ማን ጻፈ ብለው አልጠየቁም። ዝም ብለው ቡናቸውን ፉት ካሉ በኋላ ወደ እኅታችን ልጅ ዘወር ብለው እንዲህ አሉት።

«የኔ ልጅ፥ ያ ነጋዴ ምን ጭኖ ነበር?»

«ጨው» አለ።

«ከጨው ሌላስ?»

ልጁ ብዙ ዘገየ። በኋላ «ለልጁ ጫማ» አለ።

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«አያውቀውም። እርሱ ሲሄድ ልጁ ትንሽ ነበር።»

ባለቤታችን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኛም ወደ ፊት እንናገራለን ያልነውን ነገር እዚህ ላይ እንናገራለን። የዚህ ልጅ አባት፥ ልጁ የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ፥ እንደ ብዙው የራያ ወጣት በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሥራ ሄደ። በመጀመሪያው ሁለት ዓመት ይደውልና ጥቂት ገንዘብም ይልክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፍቶአል። ይህን በቤታችን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ያንን ደብተር አንብበናል። በየምሽቱ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ነጋዴ አይተን፥ ልጁ ስለ ምን እንደማያደርሰው ግን አንዳችን እንኳ አልጠየቅንም።

ሽማግሌው ወደ ወንድ ልጃችን ዞረው «ይህን ታውቅ ነበርን?» አሉት። «አላወቅሁም አባባ፤ ተረት መስሎኝ ነው» አለ፤ እርሱም ማልቀስ ጀመረ። «ተረትማ ነው» አሉት፤ «ተረት ስለ ሆነም ካሣው ይቀላል። በእውነት የሞተ ሰው ከብት ቢከፈልበት አይነሣም። በወረቀት የሞተ ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ይነሣል። እንግዲህ የምንጠይቀው ባለቤቱን ነው።»

ወንድ ልጃችን ፈጥኖ «ግመሉ ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ ብዬ እጽፋለሁ» አለ። የእኅታችን ልጅ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። ጎርፉ ወስዶታል፤ የተጻፈ ተጽፎአል» አለ። ሁላችንም ደነገጥን። ጥቂት ዝም ብሎ ቈይቶ ደግሞ እንዲህ አለ፤ «ነገር ግን ሬሳው አልተገኘም ተብሎ ይጻፍ። የጎሊና ውኃ ወደ አፋር ነው የሚወርደው፤ እዚያ ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች አሉት።»

እንዲህም ሆነ። ወንድ ልጃችን በገዛ እጁ «ሬሳው አልተገኘም» ብሎ ጻፈ፤ የእኅታችን ልጅም የፈነከተውን ግንባር ሳመ። ጠቡ ያለቀ መስሎን ልንነሣ ስንል ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ እኛ አመልክተው «የዳኛውስ ካሣ?» አሉ። የቀደድነውን ገጽ ማለታቸው ነው። ልጆቹ ከልባቸው ሣቁብን። እኛም በዚያች ሌሊት፥ ልጃችን በቃል እየነገረን፥ የተቀደደውን ገጽ መዝገብ በምንጽፍበት የእጅ ጽሕፈት መልሰን ጻፍነው። ከዚያም በታች «ትክክለኛ ግልባጭ» ብለን ፈረምንበት።

ከዚህ ወዲህ ስለ ምን ፍርዳችን እንዳልያዘና የእርሳቸው እርቅ እንደ ያዘ ብዙ ጊዜ አስበናል። የአገራችን የቀድሞ ሙግት ራሱ እንደ ጨዋታ ያለ ሥርዓት ነበረው። በበላ ልበልሃ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ፥ ቃላቸውን በግጥም እያዋዙ በተራ ይናገሩ ነበር። ዛሬ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁሉን በጽሑፍና በቀጠሮ አድርጎታል። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ረቺና ተረቺ ይፈልጋሉ። በመሬትና በብር ይህ የግድ ነው፤ ሰው በጋራ ለሚደርሰው ተረት ግን አይሆንም። ምክንያቱም በተረቱ ውስጥ አንዱ በረታ ጊዜ ሌላው ብዕሩን ያስቀምጣል፤ የረታውም ብቻውን ይቀራል።

ሰው ተረትን ከራሱ ለይቶ ማየት አለመቻሉም በልጆች ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት በቲያትር አድርገው ባሳዩ ጊዜ፥ ተረቱ በመኳንንቱ ላይ የተሰነዘረ ነቀፌታ ነው ተብሎ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። በመድረክ ላይ የቆሙት አውሬዎች ሲሆኑ፥ የሰሙት ታላላቅ ሰዎች ግን ራሳቸውን አዩበት። እንግዲህ ጨዋታ ነው ማለት ብቻውን የሰውን ቍስል አይሸፍንም። ጨዋታም ቢሆን የተናገረው ሰው ያሰበው ሌላ፥ የሰማው ሰው የተሸከመው ሌላ ሊሆን ይችላል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ አንድ የእንግሊዝ ቄስ ልጆች አንብበን ነበር። በ1826 እ.ኤ.አ. በሃዋርዝ መንደር የሚኖሩት ቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ ለልጃቸው ለብራንዌል 12 የእንጨት ወታደሮች አመጡለት። እኅቶቹ ሻርሎት፥ ኤሚሊና አን እያንዳንዳቸው አንድ ወታደር መርጠው ስም አወጡ። ሻርሎት የራስዋን ዌሊንግተን አለችው፤ ብራንዌል ግን የዚያን ሰው ጠላት ቦናፓርትን መረጠ። ከዚህ ተነሥተው ለብዙ ዓመት በጋራ ተረት ጻፉ። በጦርነት የሞተውንም ጀግና፥ እንደ ጂኒ ኃያላን ሆነው እነርሱው ያስነሡት ነበር። ኋላ ግን በ1831 እ.ኤ.አ. ገደማ ኤሚሊና አን ከታላላቆቻቸው ተለይተው ጎንዳል የሚባል የራሳቸውን አገር አወጡ። ሻርሎትና ብራንዌልም አንግሪያ የሚባለውን ይዘው ቀጠሉ። በዚህም መለየት እኅትማማችነታቸው አልፈረሰም። ኤሚሊና አን በ1845 እ.ኤ.አ. ከ20 ዓመት በላይ ሆኖአቸው ወደ ዮርክ ከተማ ሲጓዙ እንኳ በመንገድ የጎንዳልን ሰዎች እየሆኑ ይጫወቱ ነበር። በ1847 እ.ኤ.አ.ም ሦስቱ እኅቶች እያንዳንዳቸው ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚህ የምንማረው፥ አብሮ መጻፍ ያልተቻለ እንደ ሆነ ሳይጣሉ ደብተር መለየትም አንድ የሰላም መንገድ መሆኑን ነው።

ይህን ሁሉ ስናስብ አንድ የቈየ ነገር መጥቶ በልባችን ተቀመጠ። በዋድላ የቅኔ ተማሪ ሳለን ቀን ቀን በየዛፉ ጥላ ሥር ቅኔ ስንቈጥር ውለን፥ ማታ በመምህራችን ፊት እንናገር ነበር። ከእኛ ጋራ በአንድ ጎጆ የሚያድር፥ በአንድ አኩፋዳ የለመንነውን እህል አብሮን የሚበላ ጓደኛ ነበረን። አንድ ማታ ስለ እናቱ ላም የሚጮህ ጥጃ ሰም አድርጎ ጉባኤ ቃና አቀረበ። እኛም በሁለተኛው ቤት ላይ የግሥ ስሕተት አገኘንበትና በሁሉ ፊት ነቀፍነው፤ ጉባኤውም ሣቀ። ስሕተቱ እውነተኛ ስሕተት ነበር፤ መምህራችንም መሰከሩልን። ጓደኛችን ግን በሳምንቱ ደበሎውን ለብሶ፥ ሳይሰናበተን፥ ወደ ሌላ አገር ሄደ። እናቱ በዚያ ሰሞን መሞትዋን የሰማነው ከሄደ በኋላ ነው።

እኛ ያየነው ግሡን ነበር። ጥጃው ማን እንደ ሆነ አልጠየቅንም። ይህ ከሆነ ከ25 ዓመት በላይ ነው፤ ያንን ጓደኛችንንም ከዚያ ወዲህ አላገኘነውም። ሽማግሌው ልጁን «ምን ጭኖ ነበር?» ባሉት ጊዜ፥ ያ ጥያቄ ለእኛም በጊዜው ተጠይቆልን ቢሆን ኖሮ ብለን አዘንን።

ስለዚህ በቤታቸው ልጆች በጋራ እንዲጽፉ፥ እንዲገጥሙ ወይም እንካ ስላንትያ እንዲጫወቱ ለሚፈቅዱ ወላጆች ያገኘነውን ትምህርት በአጭሩ እንናገራለን።

አንደኛ፥ ተራ ይኑር፤ የሌለ ልጅ ተራው ይቈየዋል እንጂ አይወሰድበትም። የጎርፍ ውኃ ያለ ተራ ማሳ እንደሚያጠፋ፥ ተረትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ የያዘው ሰው የእርሱ ገንዘብ ይሁን። ሌላው ሊያገኘው፥ ሊሟገተው፥ ሊያሳድደው ይችላል፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ግን ሊገድለው አይገባም።

ሦስተኛ፥ ከጨዋታው በፊትና በኋላ አብረው ጥቂት ይብሉ። በተረት ውስጥ ጠላት የነበሩት በአንድ ገበታ ሲቀርቡ፥ የጎበዝ አለቃው ወንድም፥ ባልቴቲቱም እኅት መሆናቸውን ያስታውሳሉ።

አራተኛ፥ ጠብ በተነሣ ጊዜ ከቍጣ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ጥያቄውም ማን አጠፋ የሚል ብቻ አይሁን፤ የጠፋው ነገር ለባለቤቱ ምን ይዞለት ነበር የሚል ይሁን። በትር ያነሣ ልጅ ጥፋቱ ይነገረው፤ ካሣም ይክፈል። ነገር ግን በትሩን ያስነሣው ነገር ሳይሰማ እርቅ ሆኖአል ማለት ቂምን በሣጥን መቈለፍ ነው።

አምስተኛ፥ ፈራጁ ራሱ ያጠፋ እንደ ሆነ በልጆቹ ፊት ይካስ። ግልባጩን ከጻፍንላቸው ወዲህ ልጆቻችን ከቀድሞው ይልቅ ያከብሩናል እንጂ አልናቁንም።

እኅታችን ወደ ግቢዋ ተመልሳለች። ከጎረቤታችንም ጋራ ቡና መጠራራቱ እንደ ቀድሞው ነው። ትምህርት ተከፍቶ ልጆቹ ጊዜ ቢያጡም በየቅዳሜው ማታ ይጽፋሉ፤ ሁለተኛውንም ደብተር ጀምረዋል። የጎበዝ አለቃው ሽፍታ ማሳደዱን አልተወም፤ ነገር ግን ባለፉት ገጾች ከጎበዛዝቱ ሁለቱን ወደ አፋር ቆላ ልኮ የጠፋውን ነጋዴ ያስፈልጋል። ይህን ያደረገው ማንም ሳያዝዘው ነው። ነጋዴው እስከ ዛሬ አልተገኘም። የእኅታችን ልጅ ግን በቅርቡ ወደ እኛ መጥቶ፥ በጫማ ላይ ያለው ቁጥር በየስንት ጊዜው እንደሚጨምር ጠየቀን። በየዓመቱ ይጨምራል አልነው፤ ሄዶም ጻፈው።

ጠይቀህ ተሻገር የሰውን ቃል ወንዝ፥
ሸክሙን ሳታውቀው ግመሉን አትያዝ።